እናቴን የማዝልበት እግር

ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ፣ ላፍቶ ካለው ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ እናቴን አዝዬ የማወርዳት እኔ ነበርኩ። ሊፍት የለንም። የሐኪም ቀጠሮ ሲኖራት በደህናው እጇ አንገቴን ታቅፋለች፤ እኔም ቀስ እያልኩ እወርዳለሁ።

ባለፈው ክረምት ከተረከዜ በላይ ያለው ወፍራም ጅማት ያመኝ ጀመር። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እግሬ ግትር ይላል፤ ትንሽ ስንቀሳቀስ ይለቀኛል። ስለሚለቀኝ ችላ አልኩት።

አንድ የቀጠሮ ቀን ደረጃው መሃል ላይ ጅማቱን በቢላ የወጉኝ ያህል አመመኝ። በአንድ እጄ የደረጃውን ብረት አንቄ ያዝኩ። የእናቴ ትንፋሽ ጆሮዬ ላይ ነው።

«ልጄ፣ አስቀምጠኝ» አለችኝ።

ጎንበስ ብል በጭንቅላቴ ላይ አልፋ ትወድቃለች። ጎረቤታችን ወጥቶ ከኋላ ብብቷን እስኪይዝልኝ ድረስ እንደዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ጎረቤታችን፣ ሀና ማርያም ሰፈር አንድ ጎበዝ ወጌሻ እንዳለ ነገረኝ። እህቴ ግን ተበጥሶ ከሆነ መታሸቱ ያባብሰዋል ብላ ፊዚዮቴራፒ ወሰደችኝ። ባለሙያዋ በሆዴ አስተኝታኝ እግሬን ከአልጋው ጫፍ አሳለፈችው። ባቴን ስትጨምቀው እግሬ ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ሳይበጠስ እንዳልቀረ አስቀድማ ነገረችኝ። ፊቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። ጨመቀችው።

«ተንቀሳቀሰ?» አልኩ።

«ተንቀሳቅሷል። አልተበጠሰም» አለች።

ከዚያ አስረዳችኝ። ጅማቱ ከለመደው በላይ ሸክም በዝቶበት ተጎድቷል፤ ጨርሶ ማሳረፍ ግን ያደክመዋል፤ የሚያድነው ሸክሙን ቀስ በቀስ ማለማመድ ነው። ለጊዜው እናቴን እንዳላዝል ከለከለችኝ። ልምምዱ በእግር ጣቶቼ ቆሜ ተረከዜን ከፍ ማድረግ፣ በዝግታ መመለስ ነው፤ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ኋላ በአንዱ። ትንሽ ቢያመኝ እንዳልደነግጥ፣ በማግስቱ ጠዋት ከባሰብኝ ግን እንድቀንስ አለችኝ።

ቤት ገብቼ ተረከዜን ባነሳሁ ቁጥር አሁን ይበጠሳል እያልኩ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። እናቴ ከወንበሯ ሆና ታየኛለች። ሐኪም ያዘዘላትን የእጅ እንቅስቃሴ ከታመመች ጀምሮ እምቢ እንዳለች ነበር። አንድ ጠዋት ግን እኔ ግድግዳ ይዤ ስንጠራራ፣ ግራ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቶቿን ለመዘርጋት ስትታገል አየኋት።

ወራት ፈጀብኝ። ጅማቱ አሁንም አልፎ አልፎ ይቆረጥመኛል፤ ግን ችሏል። እናቴን ከጎረቤታችን ጋር ወንበር ላይ አስቀምጠን ነው የምናወርዳት። በቅርቡ ድኛለሁና እንደ ድሮው ልዘልሽ ብላት እምቢ አለች። በወንበሩ ስትሆን ቢያንስ የምትሄድበትን እንደምታይ ነገረችኝ።