ወፍጮ ቤት በር ላይ የቀደድኩት ወረቀት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ያሳፍረኛል። ይህ የሆነው አምና፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ እዚሁ አርብ ገበያ ከተማ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

እናቶችንና ሕፃናትን በሚረዳ ድርጅት ውስጥ ጽዳት ነኝ። ልጆቻቸው የከሱባቸው እናቶች በየሳምንቱ ማክሰኞ ቢሮ መጥተው ስለ ልጅ አመጋገብ ይወያዩ ነበር። እየቀሩ እየቀሩ ሁለት ሦስት ብቻ ሆኑ። አስተባባሪያችን ሰው ካልመጣ ውይይቱ ይዘጋል አሉ። ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበውም ከእንግዲህ ሁላችሁም መሪ ናችሁ፣ አዲስ ሐሳብ አምጡ አሉን።

እኔም፣ ሴቶቹ አርብ ቀን ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቁ ነው የሚውሉት፣ ለምን እኛ አንሄድም አልኩ። ሳቁብኝ። አንዷ ባለሙያ ዱቄት ለብሰን ልንመለስ ነው አለች። አስተባባሪው ግን፣ "በይ አንቺው ምሪው። የስም ዝርዝር ይዘሽ ነይ" አሉኝ። እንድዋረድ እንደፈለጉ ገብቶኛል።

አርብ ሄድኩ። ማስረዳቱ ስላሳፈረኝ ዝም ብዬ ስም መጻፍ ጀመርኩ። ሴቶቹ እርዳታ የሚታደል መሰላቸው። ኋላ ያሉት የፊተኞቹን ገፈተሩ፤ የአንዷ ጆንያ ተደፍቶ ገብሱ አፈር ላይ ፈሰሰ። ባለ ገብሷ ይመናሹ የምትባል የመንታ እናት ናት። ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"ስማችንን ስትወስዱ ስንት ጊዜያችሁ ነው? ቅደጅውና ተቀመጪ" አለችኝ።

ቀደድኩት። እያለቀስኩ ገብሱን አብሬያት ለቀምኩ። ስንለቅም አንደኛው ልጇ ገንፎ እንቢ እንዳላት ነገረችኝ። ከጎኗ ያለችው የራሷን ልጅ በምን እንዳስለመደችው አወራች፤ ሌላዋ ቀጠለች። እህላቸው እስኪፈጭ ድረስ እንዲሁ ዋሉ። ሲለያዩ በየሳምንቱ አንዷ እንድትመራ ተስማሙ፤ ለመጀመሪያው ይመናሹን መረጡ።

ሰኞ ዝርዝሩን ተጠየቅሁ። ቀደድኩት አልኩ። አስተባባሪው ስም ከሌለ ሰው አልመጣም ብለው ውይይቱን ዘጉት። ያች ባለሙያ ሳቀች። እኔ መጥረጊያዬን አነሣሁ።

አሁንም ጽዳት ነኝ፤ ቂሜም አልወጣልኝም። ግን አርብ አርብ ፈቃድ ሳልጠይቅ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ። ያኔ ውይይቱ በተዘጋበት ሳምንት አርብ ይመናሹ አንዱን መንታ አዝላ ቢሮው በር ላይ መጥታ ቆማ ነበር። አስተባባሪው ምን ፈለግሽ ቢሏት ዞራም አላየቻቸው። እኔን ነው ያየችው።

"ዛሬ የምመራው እኔ ነኝ። ነይ፤ ወረቀት የያዘ ሰው ግን እንዳይከተልሽ።"