የክብሮም ልደት በቴሌቪዥን

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ... ከአከራዬ ጋር ቁጭ ብለን የልጆች ፕሮግራም እያየን ነበር። አዎ፣ እኔ ሠላሳ የደፈንኩ ሴትዮ፣ እሳቸው ደግሞ ስድሳን ያለፉ እናት። አትሳቁ።

አከራዬ አደይ ለተብርሃን ይባላሉ፤ አደይ እዚህ እናቴ እንደማለት ነው። እኔ ከደሴ ለሥራ መጥቼ ነው፣ መቐለ፣ ሓወልቲ አካባቢ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዓቱ ሲደርስ «ጓለይ፣ ነይ ተጀምሯል» ብለው ይጠሩኛል። ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው... ልጄ ተብሎ ደግሞ እንቢ አይባልም።

ፕሮግራሙ ከልጅነታችን ጀምሮ ያለ ነው። ያኔ አቅራቢዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ረጋ ያለች ሴትዮ ነበረች። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ በቀለም የተሳለች ፀሐይ ነበረች፤ አንዱ ጨረሯ ተልጦ የሚጠግነው ጠፍቷል። ተረቱ ሲያልቅ የልደት ፎቶ ይመጣል። በፖስታ የተላከውን ፎቶ በእጇ ይዛ ለካሜራው ታሳያለች፣ የልጁን ስም እስከ አያት ትጠራለች። ከዛ ፎቶውን ገልብጣ ራሷ ታየዋለች... የምታውቀን ነበር የሚመስለን።

አሁንማ አቅራቢው ዘሎ ነው የሚገባው። ልጆቹ ለሠርግ የተኳሉ ይመስላሉ፣ በየመሃሉ የብስኩት ማስታወቂያ ይገባል፣ የልደቱ ፎቶ በቴሌግራም ይላክና በፊኛ ታጅቦ እልም ይላል። እኔ ስነጫነጭ አደይ ለተብርሃን ዝም ብለው ያያሉ። አንድም ፎቶ አያመልጣቸውም።

ለምን እንደሆነ የነገሩኝ በቅርቡ ነው። ልጃቸው ክብሮም ሰባት ዓመት ሲሞላው ፎቶውን በፖስታ ልከውለት ነበር። ሳይወጣ ቀረ። ክብሮም ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ፎቶ የተነሳበትን ሸሚዝ ለብሶ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥ ነበር አሉ። «ተወው ልጄ፣ አይወጣም» ሲሉት «መንገድ ላይ ነው» ይላቸዋል። ሸሚዙ እስኪጠበው ጠበቀ።

ክብሮም እኩያዬ ነው። እኔ ደሴ፣ እሱ መቐለ፣ በአንድ ሰዓት አንድ ፕሮግራም እየጠበቅን ነበር ማለት ነው።

«ያንቺስ ወጥቶ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ... አንድ ጊዜ።»

«እንዴት ነበረ?»

ምን ልበላቸው? አባቴ ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ያን ዕለት ንግሥት ነበርኩ። «ቶሎ አለፈ» አልኳቸው።

ክብሮም በጦርነቱ ጊዜ እንደወጣ አልተመለሰም። በኋላ በየቤቱ መርዶ ሲነገር እሳቸው ጋ የመጣ የለም። መርዶውም አልመጣ፣ ልጁም አልመጣ። ጥቁር አልለበሱም፣ ለቅሶ አልተቀመጡም። ሰው ሲጠይቃቸው «እየጠበቅን ነው» ይላሉ፣ ሌላ አይጨምሩም።

እኔ ታዲያ ደስ ላሰኛቸው ብዬ... ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለውን የዚያኑ ልደት ፎቶ በስልኬ አነሳሁና ለፕሮግራሙ ላክሁት። «ክብሮም፣ ሰባት ዓመት፣ ከመቐለ» ብዬ። የድሮ መሆኑን አልጻፍኩም፤ ብጽፍ አያወጡትማ። ለእሳቸውም አልነገርኩም፣ ድንገት ይዩት ብዬ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን ፈገግ ስል ከረምኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ወጣ።

የደበዘዘው ፎቶ ላይ የልደት ባርኔጣ ደፍተውለታል። አቅራቢው እየዘለለ «ክብሮሜ የመቐለው፣ እንኳን ሰባት ዓመት ሞላህ። ለስምንተኛውም ፎቶ ላክልን እሺ?» አለ።

አደይ ለተብርሃን አልጮሁም፣ አላለቀሱም። ዘወር ብለው በሩን አዩ። እኔን አይደለም... በሩን።

ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። ኩሓ የሚኖሩት ታናሽ እህታቸው ናቸው። ድምፃቸው ለእኔም ይሰማል። ደጅ ልብስ እያጠቡ የክብሮም ስም በቴሌቪዥን ሲጠራ ሰምተው ሮጠው ሲገቡ ፎቶው አልፏል።

«ተረኺቡ ድዩ?» ይላሉ ደጋግመው። ተገኘ ወይ ማለታቸው ነው።

የጠፋ ልጅ ያለው ቤተሰብ የልጁን ስም በቴሌቪዥን ሲሰማ ሌላ ምን ያስባል? ይሄን ሳላስብ ነው የላክሁት፣ እኔ ጅሏ። ላስረዳ ብዬ ለስልኩ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም።

«እወ» አሉ ቀስ ብለው፣ በትግርኛቸው። «ተገኝቷል። ሰባት ዓመቱ ነው።»

እህትየው የመጨረሻዋን አልሰሟትም። እልልታቸው ስልኩን ሞላው። ከኋላቸው ሌላ ሴት ተቀበለች፣ ከዛ ሌላ... ጎረቤቱ ሁሉ። «መጣን» ብለው ዘጉት።

አደይ ለተብርሃን ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«አንቺ ነሽ የላክሽው?»

«አዎ... ይቅርታ አደይ፣ እኔ...»

«ስሙን ደህና አድርጎ ጠራው» አሉ። «የአባቱን ግን አልጠራም። ድሮ ይጠሩ ነበር።»

ከዛ ተነስተው ጠረጴዛውን መወልወል ጀመሩ። እንግዳ ሊመጣ ነዋ።

«ደውዬ ልንገራቸው?» አልኳቸው።

«ምን ብለሽ?»

ኩሓ ደግሞ ሩቅ አይደለም... ያመጣቻቸው ባጃጅ በራችን ላይ ስትቆም፣ እልልታው ገና ሳይወርዱ ነው የተሰማን። ሁለታችንም በሩን ለመክፈት አልተነሳንም።

መርዶ ለመንገር እንኳ ወግ አለን፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማለዳ ይኬዳል... አንዴ የወጣ እልልታን ለመመለስ ግን ወግ የለንም።