ንጉሡን አስወጥቻለሁ

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የምሄድበትን ሚኒባስ መንገድ ላይ አስቆሙትና ሁላችንንም አወረዱን። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ስለነበር ስልክ መፈተሽ እንግዳ ነገር አልነበረም። ስልኬን የተቀበለኝ ፖሊስ መልእክቶቼን ሲያገላብጥ ቆየና አንዱን ጮክ ብሎ አነበበው። «ንጉሡን ሙሉ በሙሉ አስወጥቻለሁ። በቦታው እሳቱን አስገብቻለሁ። ቀጥሎ ዐይኑን ላጥፋው?»

ተሳፋሪው ሁሉ ከእኔ ፈቀቅ አለ። እውነት ለመናገር፣ በሌላ ሰው አፍ ስሰማው እኔም ደነገጥኩ።

ጣቢያ ወስደው ያስገቡኝ የእስር ክፍል አንዲት ጠባብ መስኮት ነበረችው። የዚያ አገር ጉም በመስኮቷ ይገባል፤ ቆርቆሮው ስር ውሃ ይሆንና ጠብ ጠብ ይላል። ሰው ሁሉ ጠብታ የማይደርስበትን ቦታ ይዟል። ለእኔ የተረፈኝ በሩ አጠገብ፣ ከሽንቱ ባልዲ ጎን ነበር።

መልእክቱ ስለ መጽሐፍ ነው። አስተማሪ ነበርኩ። ከክፍል ስወጣ እየተቀመጥኩ ለዓመታት ያሰባሰብኩት፣ ከሀ እስከ ፐ የተደረደረ ወፍራም የጠቅላላ ዕውቀት መጽሐፍ አለኝ። ረጅም ርዕስ ሰጥቼው ነበር፤ ሰው ግን ርዕሱን ትቶ «ጠይቀው» አለው። ጠጅ ቤት የተከራከሩ ሰዎች «በል ጠይቀው» እየተባባሉ ገልጠው ይዳኙበት ነበርና። የመጀመሪያው እትም በጫግኒ መናኸሪያና በግምጃ ቤት ከተማ ገበያ እጅ በእጅ አለቀ። ሲያልቅ ደግሞ ፎቶ ኮፒ እያደረጉ ተቀባበሉት። ይህን ስናገር እኮራለሁ።

ወቀሳም አልቀረልኝም። አንድ የጫግኒ አንባቢ ደውሎ «መምህር፣ ጠይቀው ውስጥ ፀሐይ የለችም» አለኝ። እኔ በፀሐዩ ፀ አስቀምጫታለሁ፤ እሱ በጸሎቱ ጸ ይፈልጋታል። እንዲህ ያለው ስልክ ሲበዛብኝ፣ በሁለተኛው እትም ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት እንዲጠቃለሉ ወሰንኩ። ንጉሡ ሠ ወጥቶ ቃሎቹ ወደ እሳቱ ሰ ይዛወሩ፤ ዐይኑ ዐም ይጥፋ። መጽሐፉን እንጅባራ ሆና በኮምፒውተር የምትተይብልኝ ሴት ነበረች። መልእክቱን የላከችልኝ እሷ ናት።

መርማሪው ወጣት ነው። ስልኬን ፊቱ አስቀምጦ ጠየቀኝ።

«ንጉሡ ማነው?»

«ፊደል ነው።»

«እሳቱስ?»

«እሱም ፊደል ነው።»

«የሚጠፋው ዐይን የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። ፊደል ነው።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ስማ፣ እኔም ተምሬያለሁ። ሰ ሰ ነው። ንጉሥ የሚባል ፊደል ማንም አላስተማረኝም።»

አልዋሸም። የእሱ ዘመን ተማሪ የፊደሉን ቅርጽ እንጂ ስም አያውቅም፤ ያላስተማርነውም እኛው ነን። አፈርኩ። እሱ ግን ማፈሬን እንደ ጥፋተኛነት ቆጠረው።

«የላከው ማነው?» አለ። ስልኬ ላይ የተመዘገበችው «ታይፕ» ተብላ ብቻ ነው። ቢደውሉ ቁጥሩ ዝግ ሆነ። መታሰሬን ሰምታ ሲሟን እንዳወጣች ገባኝ፤ በሆዴ ጎበዝ አልኳት።

ክፍላችን ውስጥ ከአዘና በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። በስብሰባ ላይ ተናገሩ ተብለው ነው የታሰሩት። ልጆቻቸው ቅቅል ድንች ይዘው ሲመጡ በአዊኛ ያወሯቸዋል፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ይጫወታሉ። ፊደል የቆጠሩት ከቄስ ዘንድ ነው። ነገሩን ስነግራቸው ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«እና ንጉሡን አባረርኸው?»

«ለአንባቢ እንዲቀል ብዬ ነው፣ አባቴ።»

«ፊደል ማጥፋትስ ጥፋት ነው» አሉኝ ሳቃቸውን ትተው። «ግን በዚህ ሰው አይታሰርበትም።»

በማግስቱ ጠዋት ስጠራ አብረውኝ ተነሡ። ጠባቂውን «ምስክር ነኝ» አሉት። መርማሪው ከመገረሙ የተነሣ አላስወጣቸውም።

«ልጄ» አሉት፣ «ንጉሥ ሲጻፍ በዚህኛው ሠ ነው፤ እሳት ሲጻፍ በዚያኛው። ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። ይኸው መጽሐፉ፣ ራስህ ግለጠው።»

ከቦርሳዬ የወሰዱትን የመጀመሪያውን እትም ገለጠ። ሠን አየ፣ ረን አልፎ ሰን አየ። ፈገግ ሊል ነበር፤ ዋጠው።

«ይሁን፣ ፊደል ነው» አለኝ። «የምርመራ ወረቀቱ ግን ወደ በላይ አካል ሄዷል። የላከውን ሰው ስም ጻፍልኝና ዛሬውኑ ውጣ። እሱም ቃሉን ሰጥቶ ይሄዳል።»

መውጣት እንዴት እንደፈለግሁ አልደብቅም። ገና ሦስተኛ ቀኔ ነበር፤ ልብሴ ከላዬ ላይ አልደረቀም። ነገር ግን ከእኛ ክፍል ሦስቱ ቃላቸውን ሰጥተው ለመሄድ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ያቺ የምትተይብልኝ ሴት ደግሞ ጡት ያልጣለ ልጅ አላት።

ብዕሩን ተቀብዬ ጻፍኩ። «ፊደላቱ እንዲወጡና እንዲገቡ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ስህተት ካለ የእኔ ነው።» ከሥሩ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩና ፈረምኩ።

አነበበው። «ይህ የአንተ ስም ነው።»

«አዎ። የምሰጥህ ስም ይኸው ነው።»

«ትቆያለሃ።»

«እቆያለሁ።»

ወደ ክፍሉ ስንመለስ ሽማግሌው ጠብታ ከማይደርስበት ጥጋቸው ፈቀቅ ብለው «ና፣ እዚህ» አሉኝ። ክረምቱ እስኪወጣ እዚያ ተኛሁ። ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ጠርተው ያንኑ ጠየቁኝ፤ ያንኑ ወረቀት ጠቆምኳቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማንም ምንም ሳይለኝ ስልኬን መለሱልኝና ወጣሁ።

ሁለተኛው እትም ዘግይቶም ቢሆን ታተመ። ፊደላቱን አንዱንም አላስወጣሁም፤ በተሳሳተው ፊደል ለሚፈልግ ሰው ወደ ትክክለኛው የምትመራ አንዲት መስመር ጨመርኩ። ያን ወረቀት ዛሬም ቢያቀርቡልኝ እንደዚያው አድርጌ እፈርመዋለሁ።

ተያቢዋ የሁለተኛውን እትም የመጨረሻ ረቂቅ ይዛልኝ የመጣች ቀን፣ የፊተኛው ገጽ ላይ «በኮምፒውተር የተየበችው» ከሚለው ቀጥሎ ባዶ ቦታ ትታ ነበር።

«ስሜ ይግባ?» አለችኝ።

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት።

ቁጭ ብላ የራሷን ስም፣ የአባቷን፣ የአያቷን ተየበች፤ ከእኔ ስም ጎላ አድርጋ። እርማት ስሠራ አየሁት። እንዳለ ተውኩት።