የፀሐይ ቁጣና የእናቴ አልጋ

የብረት አልጋ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲጎተት የሚያሰማው ሲጥጥታ ጆሮዬ በገባ ቁጥር፣ በደርግ ዘመን ያደግሁበት የኮልፌ ቤታችን ይመጣብኛል። አባቴ የመሬትን መግነጢስ በሚለካ ጣቢያ ቴክኒሻን ነበር፤ ብረት መሣሪያውን ስለሚያሳስት ሱሪውን በቀበቶ ፈንታ በጨርቅ አስሮ ይሄድ ነበርና፣ ሰፈሩ «ባለ መቀነቱ» እያለ ይቀልድበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ፣ ትንሽ መስታወት የለጠፈበትን ማግኔት በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ በክር አንጠልጥሎ መኝታ ቤታችን ጥግ አስቀመጠ፤ የአምፖል ብርሃን መስታወቱን መትቶ ግድግዳው ላይ ነጥብ ሆኖ ያርፍ ነበር። ፀሐይ ስትቆጣ የመሬት መግነጢስ ይናወጣል፣ ነጥቧም ትንቀሳቀሳለች አለን። ችግሩ፣ በመደብ ተኝታ ወገቧን የጨረሰችው እናቴ ያኔ በዕቁቧ የብረት አልጋ ገዝታ ነበር፤ ብረቱ ደግሞ ማግኔቱን ስለሚያሳስት አልጋው ከቤት መውጣት ነበረበት። «ፀሐይ አንዴ ስትቆጣ ልይና ጠርሙሱን አነሳዋለሁ» ብሎ ለመናት። አልጋውን በአደራ ያስቀመጡልን ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ «ኧረ እናንተ፣ ልጄን ልዳርበት ነው እንዴ?» ይሉ ነበር።

ሐምሌ ላይ ነጥቧ ድንገት ዘለለች። አባቴ በደስታ እስክስታ ሲወርድ፣ ለካ እናቴ የብረት ዘነዘናዋን ከግድግዳው ጀርባ አቁማው ኖሯል! ስቀን ልንሞት ደረስን፤ እሷም ወገቧን ይዛ ሳቀች።

ጥቅምት ሲገባ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ነጥቧ ቀስ እያለች ግድግዳውን ትሄድ ጀመር። እናቴ ሮጣ ዘነዘናዋን አየች፤ ኩሽና ቦታው ላይ ነው። አመሻሹ ላይ አባቴ እያለከለከ መጣ፤ የጣቢያው መሣሪያም ተናውጦ ነበር። አሁን አልጋዬን አምጡ ትላለች ብለን ስንጠብቅ፣ እናቴ ነጥቧን አተኩራ እያየች፣

«አሁን እላይ ሰው አለ?» አለች።

«ጠፈር ላይ? አሉ፣ ሶቪየቶቹ።»

«ታዲያ ይሄ ቁጣ አያገኛቸውም?»

«ጨረሩ ይጎዳቸዋል። ቀድመው ካወቁ ግን ግድግዳው ወፍራም የሆነ ክፍል ገብተው ይጠለላሉ። እኛም የፀሐይን ጠባይ የምናጠናው ለዚሁ ነው፤ ነገ ደግሞ ከዚህም ርቆ የሚሄድ ሰው አለ።»

«እንዲህ ብለህ አትነግረኝም ታዲያ!» ብላ ተቆጣች። «እኔ እኮ መጫወቻህ መስሎኝ! አልጋው ይቆይ።»

አልጋው እስከ ፋሲካ እትዬ ዘውዴ ቤት ቆየ፤ እሳቸውም መቀለዳቸውን አልተዉም።

ዛሬ የፀሐይ ማዕበል ሲመጣ ስልኬ ይነግረኛል፤ አነበውና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ያን ቀን እናቴ ስማቸውን እንኳ ለማታውቃቸው መንገደኞች፣ ልጆቿ መንገድ የወጡባት ይመስል፣ ነጥቧ እስክትረጋ ራቷን ሳትበላ ጠብቃ ነበር።