ይቅርታ የማይደርሰው ንጹሕ ሰው

ሰኒክ ሱልጣን በሚገዛው በኬላንታን ባሕር ዳር መረብ እየሠራ የሚያድር ዝምተኛ ሰው ነበር። በአንድ የዝናብ ወር አእምሮው ታወከ። ከማይታዩ ሰዎች ጋር ሲከራከር ሰነበተ። መንደሩ ጂን ነው ብሎ አዋቂ አስጠራለት፤ አዋቂው ሳይደርስ ግን ሰኒክ የእህቱን ባል ደራማንን በዓሣ ቢላዋ ገደለው።

የአእምሮ ሐኪሙ ችሎት ቀርቦ፣ ይህ ሰው የሚያደርገውን አያውቅም ነበር ሲል መሰከረ። ዳኛውም ጥፋተኛ አይደለህም አሉት፤ አሉትና ሱልጣኑ እስኪፈቅዱ ሆስፒታል ይቀመጥ ብለው አዘዙ። እንዲህ ያለውን ንጽሕና ለጠላትም አይስጠው። ፀጉሩ እዚያው ሸበተ። ከወህኒ ለሕክምና የሚመጡ ሌቦች፣ "አባባ፣ ምነው አጥፍቻለሁ ባልክ፤ ይኼኔ እስርህን ጨርሰህ ቤትህ ነበርክ" እያሉ ይቀልዱበታል። አብሯቸው ይስቃል። እነሱ ሲሄዱ የሚያናግረው የለም፤ ከመንደሩ አንድም ሰው ጠይቆት አያውቅም።

ዘንድሮ የሚያክሙት ሴት ሐኪም ዶክተር ፑኒታ ድነሃል አሉት። የሚወጣው ግን እቀበለዋለሁ የሚል ዘመድ ሲገኝ ነው። ያለችው ታላቅ እህቱ ሰላማህ ብቻ ናት፤ እሷም የሟቹ ሚስት።

በኢድ ማግስት በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ይዛ መጣች። በዓል ነውና በአገሩ ልማድ ታናሽ በታላቁ ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቃል። ሰኒክም ተንበርክኮ እጇን ሳመ።

"እትዬ፣ ይቅር በይኝ።"

እጇን አልነጠቀችውም። "ይቅርታ እኮ ለበደለ ሰው ነው" አለችው። "አንተ አልበደልክም ተባልክ። ላለቅስ ስነሳ ሰዉ ሁሉ፣ እሱ ምን ያድርግ፣ ታሞ ነው ይለኛል። ታዲያ ደራማንን ማን ገደለብኝ ልበል?"

ሩዙን አስቀምጣ ሄደች። እቀበለዋለሁ አላለችም።

ሰኒክ በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ ዘንድ ገባ።

"ዶክተር፣ ያን ቀን ጤነኛ ነበርኩ። አውቄ ነው የገደልኩት። ለዳኛው ይንገሩልኝ።"

ዶክተር ፑኒታ ውሸት መሆኑን አላጡትም። ለምን እንዲህ እንደሚል ጠየቁት።

"ጥፋተኛ ከተባልኩ እህቴ ይቅር ትለኝ ይሆናል።"

እሳቸው ድኗል ብለው ቢከራከሩለትም፣ ጉዳዩን የሚያዩት ሌሎቹ ሐኪሞች ሕመሙ ተነስቶበታል አሉ፤ መድኃኒትም ተጨመረለት።

ወሬው ሰላማህ ጋ ደረሰ። ሰኒክ አውቄ ነው የገደልኩት አለ ስትባል ከተቀመጠችበት ተነሳች፤ ሻርፗን ፈልጋ ለብሳ ወደ ሆስፒታሉ ለመሄድ ተዘጋጀች። ወሬ ነጋሪዋ ጎረቤት ግን አልጨረሰችም ነበር።

"ምን ያድርግ፣ እንደገና ታሞ ነው አሉ።"

ሰላማህ ሻርፗን አውልቃ ተቀመጠች።