የሲሳይ ፎቶ

ትናንት መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ልጭን ስል «ፈቃድ የለሽም፣ ኃላፊውን ጠይቂ» የሚል ሳጥን ብቅ አለ። አጠገቤ የምትሠራዋ ልጅ «ኤጭ! ደግሞ ጀመረው» አለች። እኔ ግን እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ። ከዚህ ሳጥን ጋር የቆየ ነገር አለን።

ላሊበላ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ የተቀጠርኩ ሰሞን ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በአገሩ ኮምፒውተር የማውቅ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ነሐሴ ነው፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ልጅ ሲሳይ፣ አስጎብኚው፣ ፍላቂት መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ከሞተ ወር አልፎታል። እትዬ ብርቄ ቢሮዬ መጡና የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ፤ ለእኔ ከቋጠሩት የገብስ ቆሎ መሃል የካሜራ ካርድ አወጡ።

«ፎቶው እዚህ ውስጥ ነው አሉኝ፣ የኔ ልጅ። ሌላ የለኝም። ለአርባው አድርሽልኝ።»

ሲሳይ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያነሳ፣ እሱ የተነሳው ያችን አንዲት ብቻ ነው።

ካርዱ አልከፈት አለ። የጠፋ ፎቶ ይመልሳል የተባለ ፕሮግራም በፍላሽ ተቀብዬ ልጭን ስል ኮምፒውተሩ የኃላፊውን ፓስወርድ ጠየቀኝ። ኃላፊው መምህር ታደሰ ደግሞ ለፍልሰታ ይምርሐነ ክርስቶስ ሱባኤ ገብተዋል። ሱባኤ የገባን ሰው ማን ደፍሮ ይጠራል? እስኪወጡ አርባው ያልፋል።

«እንጠብቃቸው» አሉ እትዬ ብርቄ። «ለሙት ዓመቱ ይደርሳል።»

እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጉራ ነዋ! ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ፓስወርድ በማይጠይቅበት መንገድ አስነሳሁት። አንቲ ቫይረሱ «ይህ ፕሮግራም አደገኛ ነው» ቢለኝ እሱንም አጠፋሁት። የመጣውን ጥያቄ ሁሉ ሳላነብ እሺ፣ እሺ እያልኩ አለፍኩ። ሲጨርስ ካርዱ ተከፈተ። ውስጡ ባዶ ነበር፤ ሳላነብ እሺ ካልኳቸው አንዱ «ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ?» የሚል ኖሯል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አላገኘሁ።

«ወጣልሽ?» አሉኝ ከጎኔ ቆመው።

ማልቀሴን ሲያዩ ገባቸው። ጭራሽ እኔን «አይዞሽ፣ አውቀሽ አይደል» እያሉ አባበሉኝ። ምነው በሰደቡኝ!

መምህር ታደሰ ሲመለሱ ካርዱን አዩትና «ሳይነካ ቢቆየኝ አወጣው ነበር» አሉ።

እትዬ ብርቄ አሁን አርጅተዋል። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር «መልኩ እየጠፋብኝ ነው፣ እስቲ ንገሪኝ» ይሉኛል። ሰፊ ግንባሩን፣ ሲስቅ የሚጠበውን ዓይኑን እነግራቸዋለሁ። ይኼ የእኔ ዕዳ ነው፤ እስካለሁ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት «ያቺ ጠባሳው በየትኛው ቅንድቡ ላይ ነበረች?» አሉኝ።

«በግራው» አልኳቸው።

እጃቸውን አንስተው የራሳቸውን ግራ ቅንድብ ዳሰሱ። ደስ አላቸው።

ግራው ይሁን ቀኙ እኔም አላስታውስም።