ውሻዋ ተመልሳለች ያልኩበት ዓመት

መጽሐፉን የገዛሁት አዳማ መነኸሪያ አጠገብ ያገለገሉ መጻሕፍት ሸራ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ነበር፤ ሰው ወደ ጠፈር የወጣበትን ታሪክ ከመጀመሪያው አንስቶ በሥዕል ያሳያል። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለቤቴ ወለንጪቲ ከተማ ሁለተኛ ክፍል ታስተምር ስለነበር ማልዳ በሚኒባስ ትሄዳለች። እኔ የዱቄት ፋብሪካ መካኒክ ነኝ። ከፈረቃ ስወጣ ከልጄ ጋር በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን እናነባለን። እናነባለን ልበል እንጂ፣ እኔ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ እነግራታለሁ።

በቀን አንድ ገጽ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መሬትን የዞረችው ትንሿ የብረት ኳስ መጣች።

"እዚያ ላይ ምን ትሠራ ነበር?"

"ምንም። ቢፕ ቢፕ ትል ነበር።"

ልጄ እስክትተኛ ድረስ ቢፕ ቢፕ ስትል አመሸች።

በማግስቱ የውሻዋ ተራ ደረሰ። ከጎዳና የተወሰደች ውሻ ናት፤ በቀበቶ ታስራ ሮኬቱ ውስጥ ሆና ታየናለች።

"መቼ ተመለሰች?"

ከሥዕሉ ሥር ያለውን አነበብኩ። ልጄ የቁርስ ዳቦዋን ለሰፈሩ ውሻ ሁሉ የምታካፍል ልጅ ናት።

"ከሳምንት በኋላ" አልኳት። "በጃንጥላ ወረደች።"

"ርቧት ነበር?"

"ሥጋ ሰጧት።"

ደስ ብሏት ሮጣ ወጣች። ባለቤቴ ከውስጥ ስትሰማ ኖሯል፤ ደብተር የምታርምበትን ቀይ እስክሪብቶ እንደያዘች ብቅ አለች።

"ለምን ዋሸሃት?"

"ልጅ አይደለች እንዴ?"

"ልጅ የሚጠይቀው ማወቅ ፈልጎ ነው እኮ" አለችኝና ተመልሳ ገባች።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ሰው ወጣ፤ የመጀመሪያዋም ሴት። ጨረቃ ላይ የቆሙትን ሁለቱን ሰዎች ያየን ዕለት ልጄ ጫማዋን አመድ ላይ እያተመች ግቢውን አዳረሰችው። መጽሐፉ አሮጌ ስለነበር ከዚያ ብዙም አይዘልቅም፤ የቀረውን ከስልኬ ላይ እያየሁ ነገርኳት።

በዚያው ክረምት ባለቤቴ ታመመች። መጀመሪያ የመንገዱ ድካም መስሎን ነበር። ነሐሴ ላይ የሕንድ መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ልታርፍ ነው ሲባል ሦስታችንም አልጋዋ ላይ ተደርድረን በስልክ አየን። ልክ ስታርፍ ልጄ ፍራሹ ላይ ዘለለች፣ ባለቤቴም ሳቀች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናትና ጥርሷን ውኃው አበልዞታል፤ ስትስቅ ሁልጊዜ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ያን ዕለት አልሸፈነችም።

መስከረም ላይ አዲስ አበባ ወሰድኳት። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የደም ካንሰር መሆኑን፣ ብዙ እንደማትቆይም ነገረኝ። ልጄን ሁሩታ ከተማ እኅቴ ዘንድ ላክኋት። መጽሐፏን ደረቷ ላይ አቅፋ ሚኒባሱ ውስጥ እንደተቀመጠች፣

"እማዬ መቼ ነው የምትመለሰው?" አለችኝ።

"ለገና" አልኳት።

ባለቤቴ ጥቅምት ላይ አረፈች። አስከሬኗን ይዤ አዳማ ስደርስ የዕድሩ ዳኛ ወደ ጎን ሳቡኝ። "ልጅቱን አታስደንግጣት። ይቀበርና ቀስ ብለህ ትነግራታለህ" አሉኝ። ሌሎቹም ትክክል ነው አሉ። በሽማግሌዎቹ ማሳበብ አልፈልግም፤ እኔም ገላገሉኝ ብዬ ነው እሺ ያልኩት።

ልጄ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በእኅቴ ስልክ ትደውላለች። ድንኳኑ ውስጥ ካለው ሰው ራቅ ብዬ፣ አጥሩ ጥግ ቆሜ አነሳለሁ።

"እማዬ ተሻላት?"

"ደህና ናት።"

"ስጣት፣ ላናግራት።"

"ተኝታለች።"

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላም እንዲሁ ስል ሰነበትኩ። ዛሬ ሄጄ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ሲመሽ ነገ እላለሁ። አንድ ቀን ደወለችና ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣

"አባዬ፣ ውሻዋ ሞታለች" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። የአክስቴ ባል መዝገበ ቃላት አለው፤ መጽሐፉን ቃል በቃል አየሁት። ሲልኳት ጀምሮ እንደማትመለስ ያውቁ ነበር ይላል። አንተ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እማዬስ?"

"መጣሁ" ብቻ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። በአሰላው መንገድ ሚኒባሱ ሲሄድ ግራና ቀኙ የደረሰ ስንዴ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ የምናገረውን ስፈልግ ሄድኩ፣ አንድም ቃል ሳላገኝ ደረስኩ።

ደጁ ላይ ተቀምጣ ነበር። እንደ ወትሮዋ ሮጣ አልተጠመጠመችብኝም።

"መቼ ነው?"

"አሥራ ሰባት ቀን ሆናት።"

"ትናንት ተኝታለች ስትለኝ ሞታ ነበር?"

"አዎ።"

"ተቀብራ ነበር?"

"አዎ፣ ልጄ።"

እጄን ዘረጋሁላት። አልፋኝ ገባችና እኅቴ ጉያ ውስጥ ሆና ጮኸች። እኔ ደጅ ቆሜ ሰማሁ። እኅቴ በኋላ ወጥታ፣ "ወንድምዓለም፣ ተዋት፣ ይወጣላት" አለችኝ።

በሳምንቱ እናቷ መቃብር ጋ ወሰድኳት። አልቅሳ ትጨርሳለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ጥያቄ ይዛ ነው የመጣችው። ማን ተሸከማት? ከተማሪዎቿ የመጣ አለ? ምን አልብሳችኋት ነበር? አንድም ሳልደብቅ መለስኩላት፤ የወለንጪቲ ልጆች ከነዩኒፎርማቸው በአንድ አይሱዙ ተጭነው እንደመጡም ነገርኳት።

"ፊቷስ ምን ይመስል ነበር?"

"አላየሁም" አልኳት። "ሳጥኑን ሊከፍቱልኝ ነበር፤ ፈራሁ።"

ጎንበስ ብላ አፈሩን ነካችው።

"እኔ ብሆን ፊቷን አየው ነበር" አለች።

አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አብረን እንበላለን፤ ሸሚዜን ተኩሳ ትሰጠኛለች፤ ፈተና ስታልፍ ውጤቷን ታሳየኛለች። ስለ እናቷ ማውራት ሲያምራት ግን ሁሩታ ወዳለችው አክስቷ ትደውላለች። ጓዳ ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ ስታወራ እሰማታለሁ፤ አንዳንዴም ትስቃለች። እንዳልረብሻት ብዬ ሬዲዮኑን እቀንሳለሁ።